ጽጌ ያልቆረጠችው ጥቅስ

ዓርብ፣ የካቲት 7 ቀን 2000። አቡ ዳቢ። ማታ 1 ሰዓት

አምስት ወረቀት። አምስት "ሰውየው አዝኗል"። አምስቱም ላይ በቀይ ያው አንድ ጥያቄ፦ የት ተጻፈ?

ደብተሬ፣ ዛሬ ክፍሉ ሊበላኝ ነበር። ቤ/ክ ጓሮ ያለችውን የሕፃናት ክፍል ታውቃታለህ። ወንበሮቹ ለስድስት ዓመት ልጅ የተሠሩ። አምስቱ ሴቶች ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ቁጭ ብለውባቸዋል። ሁሉም ሰው ቤት ነው የሚሠሩት። ሁሉም ት/ቤት ያቋረጡ። አገር ሲገቡ በግል ተፈትነው ሊጨርሱ ያስባሉ። ለዚህ ነው በሳምንት አንዴ የምትሰጣቸውን ዕረፍት፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት፣ እኔ ላይ የሚያጠፏት።

የሰጠኋቸው ታሪክ አንድ ገጽ ነው። ኮምቦልቻ ሳስተምር አንድ ተማሪዬ ለግድግዳ መጽሔት የጻፈው። ገበሬው በሬውን ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ላገኘው ሰው ሁሉ "ተገላገልኩ" ይላል። ሲስቅ ይውላል። መጨረሻው እንዲህ ነው፦ "ገመዱን ግን አልሸጠም። ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ይዞት ገባ።" ማዘኑን እኔም አምናለሁ፤ አዘነ የሚል ቃል ግን ከላይ እስከ ታች የለም።

በለጡ ተቆጣች። ከሁላችንም ታላቅ ናት። አርባ ሦስት ዓመቷ፣ ዐረብ አገር ከመጣች አሥራ አራት ዓመት። ሌላ ጊዜ "አንቺ ልጅ" ነው የምትለኝ፤ ቲቸር የምትለኝ ስትናደድ ብቻ።

"ቲቸር፣ ሰውየው ማዘኑን ልቤ ነግሮኛል!"

ልብሽን ወረቀቱ ላይ አላየሁትም አልኳት። ሳቁባት። ቀጥሎ እኔ ላይ ሳቁ።

ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃል ጻፍኩ። አሳብ። ጥቅስ። ማብራሪያ። የምታስቢውን ተናገሪ፤ ከጽሑፉ ቃሉን እንዳለ አምጪ፤ ቃሉ አሳብሽን እንዴት እንደሚደግፍ አስረጂ። ገለበጡት። የገባት ግን ያለች አይመስለኝም።

ደክሞኛል። ነገ ሥራ ገቢ ነኝ።


ሰኞ፣ የካቲት 10። ምሳ ሰዓት፣ ካርድ ክፍል

የምሠራበት ክሊኒክ ዛሬ ጭር ብሏል። የበሽተኞቹን ካርድ ደርድሬ ጨርሻለሁ። የእነሱን ወረቀት እንደገና አየሁ።

የጽጌ ወረቀት ሕመም ከሌሎቹ ይለያል። ጽጌን ገና አላስተዋወቅኩህም። የወረኢሉ ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ኸሊፋ ሲቲ አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ የቤቱ ሹፌር በር ላይ ያወርዳታል፣ በሩ ላይ ያነሳታል። ድምፅዋ አይሰማም። ሌሎቹ ምንም ሳይጠቅሱ ይፈርዳሉ፤ እሷ ግን የታሪኩን ግማሽ ገልብጣ በትእምርተ ጥቅስ አጥራዋለች። ከ"ሰውየው አዝኗል" ሌላ የራሷ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሌላ ሰው ይናገርልኝ ብላ ከጥቅሱ ኋላ የተደበቀች ትመስላለች።

የማን ጥፋት ነው ብዬ ስቆጣ ራሴን አገኘሁት። ዘጠኝ ዓመት አማርኛ አስተማርኩ። በክፍል ሰባ ተማሪ። ትንተናውን እኔ ጽፌ አስገለብጣቸው ነበር። ያጠኑታል፣ ይፈተኑበታል፣ ያልፋሉ። አንድም ልጅ ራሱ አንብቦ "መምህርት፣ ተሳስተሻል" እንዲለኝ አላደረግኩም። ጎበዝ አስተማሪ ይሉኝ ነበር። ይኼን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ለአንተ ነገርኩህ።


ዓርብ፣ የካቲት 14። ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ሆነ! ደብተሬ፣ ሆነ!

ሰሌዳውን ተውኩት። ወንበሮቹን ከፈልን፤ ችሎት ሆነ። እኔ ዳኛ። ክሱ፦ ይህ ገበሬ በሬውን አይወድም ነበር። ሁለቱ ከሳሽ፣ ሦስቱ ጠበቃ። ሕጉ አንድ፦ ከወረቀቱ ያልተነበበ ቃል ምስክርነቱ ውድቅ ነው።

ከሳሾቹ "ተገላገልኩ" የምትለዋን ጠቅሰው ድል ያደረጉ መሰሉ። በለጡ ተነሳች። ሰውየው ሆዱ... ብላ ጀመረች። ውድቅ አልኳት። በሬ ለገበሬ... ውድቅ። ላብ በላብ ሆነች። ወረቀቱን ዓይኗ ሥር አስጠግታ በጣቷ እየሄደች ፈለገች።  ድንገት ወንበሯ ከኋላዋ ወደቀ።

"ክቡር ዳኛ! 'ገመዱን ግን አልሸጠም' ይላል! የተገላገለ ሰው ገመድ ምን ይሠራለታል? ስለ አፉ ሳይሆን ስለ እጁ ነው የምከራከረው!"

 ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ነው የሰማሁት። አሳብ፣ ጥቅስ፣ ማብራሪያ፤ በአንድ ትንፋሽ። ችሎቱ ነፃ አወጣው። አጨበጨብን።

ሌሎቹ ሲወጡ ጽጌ ቀረች። ሹፌሩ እስኪመጣ አሥር ደቂቃ ነበራት። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው አገር ካየች። ልጇ መቅደስ አያቷ ጋ ናት። የአራት ዓመት ሆና ነው የተለየቻት፤ አሁን ሰባት። ባለፈው እሁድ በስልክ "እትዬ" አለቻት፤ እንደ ጎረቤት። የዕረፍት ፈቃድ ስትጠይቅ አሠሪዋ ማዳም የዛሬ ዓመት ትላለች። አምናም የዛሬ ዓመት ብላለች። ጽጌ ታለቅሳለች፤ ማዳም ቸኮሌት ትሰጣታለች፤ ኸላስ፣ ነገሩ ያልቃል። ክፉ ሴት አይደለችም አለችኝ። ክርክር አላውቅም አለችኝ።

ውልሽስ ምን ይላል አልኳት። አላውቅም። ቅጂው ግን ሻንጣዬ ውስጥ አለ አለችኝ።

አምጪው አልኳት።


ዓርብ፣ የካቲት 21። ማታ

ዛሬ ከጽጌ ጋር ተጣላን።

ውሉን አመጣችው። ባንድ ወገን ዐረብኛ፣ ባንድ ወገን እንግሊዝኛ። እንግሊዝኛውን ሁለታችን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስነው። አንቀጽ ሰባት፦ "ሠራተኛዋ ሁለት ዓመት ስታገለግል የአንድ ወር የዕረፍት ፈቃድና የደርሶ መልስ ቲኬት ይሰጣታል፤ የምትሄድበት ጊዜም በአሠሪውና በሠራተኛዋ ስምምነት ይወሰናል።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊቷ በራ። እዚያው ወንበር ላይ ደብዳቤ ጀመረች። ፈጣን ናት፤ አላውቅም ነበር። አሳቧን በአማርኛ አስቀመጠች፣ ጥቅሱን አስገባች። አነበብኩት። ጥቅሱ "ይሰጣታል" ላይ ያልቃል። አራት ነጥብ። የቀረው የለም።

ሌላውስ አልኳት።

"ሌላው ለማዳም ነው የሚጠቅመው። ምን ብዬ ላስገባው?"

እንቢ አልኩ። ቃሉን እንዳለ ነው የምናመጣው፤ የማይመቸንንም ጭምር። እነሱም ውሉ አላቸው። የቆረጥሽውን ሲያገኙ እውነትሽንም አብረው ይጥሉታል።

"ቲቸር፣ ከእኔ ነሽ ወይስ ከማዳም?"

እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ወረቀቱን ሰብስባ፣ ነጠላዋን ጎትታ ወጣች። በለጡ በዓይኗ ገላመጠችኝ። ልጅቷ ልጇን እያሰበች አንቺ ትምህርት ታስተምሪያለሽ አለችኝ።

ትክክል ነበርኩ። ትክክል መሆኔ ምንም አልጣመኝም።


ዓርብ፣ የካቲት 28። ማታ

ጽጌ አልመጣችም። የማዳም ባል የባባ እናት፣ እነሱ ማማ ከቢራ የሚሏቸው፣ አል ዓይን ከተማ ዛኸር የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ጽጌን እንድታስታምም እዚያ ወስደዋታል። እስከ መቼ? አይታወቅም።

ይኼ ማለት ገባህ? አሁን ይበልጥ ትፈለጋለች። የዛሬ ዓመትም የሚሆን አይመስልም።

ሞባይሌን ሃያ ጊዜ ከፈትኩ። ምን ብዬ ልጻፍላት? በመጨረሻ፦ "ጽጌዬ፣ ተቀይመሽኛል?" መልስ የለም።


ረቡዕ፣ መጋቢት 3። ጠዋት

መልስ! "አልተቀየምኩም ቲቸር። ሁለተኛው ግማሽ እንቅልፍ ነሳኝ። ዓርብ ዓርብ የማማ ከቢራ እህት ስለሚመጡ ሁለት ሰዓት አለኝ። ግን አቡ ዳቢ አልደርስም።"

አል ዓይን ስንት ሰዓት ነው መንገዱ? ሁለት ሰዓት ግድም። የፊታችን ዓርብ ተረኛ ነኝ። በሚቀጥለው እሄዳለሁ።


ዓርብ፣ መጋቢት 12። አውቶቡስ ውስጥ፣ ስመለስ

እጄ ከአውቶቡሱ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ጽሕፈቴን ይቅር በለኝ። ወደ ቤት እስክገባ አላስችል ብሎኝ ነው።

አቡ ዳቢ ያለውን ክፍል ለበለጡ አደራ ብዬ ሄድኩ። ዝም ብለው ያንብቡ አልኳት። ጽጌ አል ዓይን ኦአሲስ የሚሉት የቴምር ደን በር ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ተሳሳምን። ስለ ጠባችን ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም። የቴምሩ ዛፍ ጥላ ውስጥ ገባን። ፈለጅ የሚሉት የውሃ ቦይ ዳር ያለው የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀመጥን። ከላያችን ሠራተኞች ዛፉ ላይ ወጥተው የወንዱን ቴምር አበባ በሴቴዋ ላይ ያራግፋሉ። ዱቄቱ ደብተራችን ላይ ወረደ።

ደብዳቤውን አወጣች። ጥቅሱ ሙሉ ነው። ከሥሩ ባዶ።

"ሙሉውን አስገባሁት። ግን አሸነፈኝ ቲቸር። በስምምነት ነው ይላል። ማዳም አልስማማም ካለች በቃ።"

ደብተሬ፣ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ኮምቦልቻ ብሆን አስገለብጣት ነበር። ዋጥኩት።

"በስምምነት የሚወሰነው ምንድን ነው? አንብቢልኝ።"

"የምትሄድበት ጊዜ።"

"ሌላስ?"

አነበበች። "ሌላ የለም። ጊዜው ብቻ።"

"ፈቃዱስ?"

"ፈቃዱማ..." ጣቷ ወደ ላይኛው መስመር ወጣ። "ፈቃዱማ እዚህ 'ይሰጣታል' ብሏል። እሱማ አልቋል። እሱ ላይ ስምምነት የሚል የለም።"

 ከዚህ በኋላ ያለውን አልጠየቅኳትም። በራሷ ነው ያገኘችው፤ ምስክሬ እግዜር ነው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ወደ ታች ወረደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። ቀጥሎ ከግንቡ ዘላ ወረደች።

"'በአሠሪውና በሠራተኛዋ' ነው የሚለው! ሠራተኛዋ እኔ ነኛ! እኔም አለሁበት! እኔ ካልተስማማሁ ማዳም ብቻዋን የዛሬ ዓመት ማለት አትችልም!"

ዛፍ ላይ ያለው ሰውዬ ወደ ታች አየን። ያ ቆርጣ የጣለችው ግማሽ! ለማዳም ነው ያለችው! ከላይኛው ይልቅ ለእሷ የሚሟገተው እሱ ሆኖ አረፈው።

ጉልበቷ ላይ ጻፈች። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። አንዳንድ ቃል ብቻ ጠየቀችኝ። ማማ ከቢራን ማን እንደሚያስታምምላቸውም አሰበችበት፤ ኸሊፋ ሲቲ ያለችው ኢንዶኔዥያዊት ባልደረባዋ ለአንድ ወር እሺ ብላታለች። የምትፈልገውን ጊዜም ጻፈች፦ ከፋሲካ በፊት። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እኔ አልነካሁትም፦ "ጊዜውን አብረን እንድንወስን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ውሉ ሁለታችንንም ይጠራልና።"

አልቅሻለሁ። አጠገቤ ያለችው ፊሊፒናዊት መሐረብ ሰጠችኝ።


ኀሙስ፣ መጋቢት 18። ማታ 2 ሰዓት

መልእክት፦ "ባባና ማዳም ማማ ከቢራን ሊጠይቁ መጡ። ሰጠሁት።"

ከዚያ ዝም። ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ቢቆጡስ? እንደ ካርጎ ጭነው ቢመልሷትስ? የመከርኳት እኔ ነኝ። የጾም ሽሮዬ ቀዘቀዘ። አልበላሁም።


ዓርብ፣ መጋቢት 19። ማታ

ዛሬ ያለውን በደንብ ልጻፍልህ፤ ቀስ ብዬ።

9 ሰዓት ከሩብ። ክፍል ውስጥ ነን። ስልኬ ጮኸ። ጽጌ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። አራቱ በነዚያ ትንንሽ ወንበሮች ዙሪያዬን ከበቡኝ።

ባባ ከእራት በኋላ ደብዳቤውን አነበበው። የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ወረቀት ያውቃል። ማዳም ምንድን ነው ስትል እጁን አንስቶ ዝም አሰኛት። ውልሽን አምጪ አላት። አመጣች። ደብዳቤውን ባንድ እጁ፣ ውሉን ባንድ እጁ ይዞ መስመር በመስመር አስተያየ። ጽጌ በሩን ተደግፋ ቆማለች።  ማዳም ተቆጥታ ነበር፤ ማን ነው ይኼን የሚያስተምርሽ አለቻት። "ዓርብ ዓርብ እማራለሁ" ብላ መለሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታለቅስ።

ያኔ ባባ ቀና አለ። የተናገረውን በዐረብኛ ከነገረችን በኋላ ወደ አማርኛ መለሰችልን፦

"ሁለተኛውን መስመር ዘለሽ ይሆናል ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠቅመውን ብቻ ነው የሚያነብልኝ። አንቺ አልዘለልሽም። አሁን እኔ ምን እመልሳለሁ?"

በለጡ ጭኗን መታች። ባባ ወደ ማዳም ዞሮ በይ እንግዲህ፣ እንስማማ አለ። ሳቀ። ማዳም ግን አልሳቀችም። ደብዳቤውን ከእጁ ወስዳ አየችው፤ ከዚያ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው አለቻት። በሦስት ዓመት ጠይቃት አታውቅም። ሰባት። ቁመቷስ እስከ የት ይደርሳል? ጽጌ አላወቀችም። በእጇ ገምታ አሳየች። ማዳም ነገ ቀሚስ እገዛላታለሁ አለች።

ጉዞ ሚያዝያ 13! ፋሲካን አገሯ!

በለጡ እልል አለች። እልልታው የቤ/ክ ጥበቃውን አስሮጦ አመጣው፤ አንዲት ሴት ወደቀች ብሎ። አይ፣ ተነሳች አለችው በለጡ።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 10። ማታ

ጽጌ መጣች፤ ልትሰናበተን። ሰኞ ነው የምትበረው። አምስታችንም ስንስማት ወዛችን ሁሉ ፊቷ ላይ ቀረ። እንዴት እንደጻፈችው ለሌሎቹ እሷው አስረዳች። ሰሌዳው ፊት ቆማ። በጠመኔ። ድምፅዋ ከኋላ ይሰማል። እኔ ከትንሿ ወንበር ላይ ሆኜ አዳመጥኩ።

አሁን ሌላ ነገር። የበለጡ ወረቀት። እዚሁ ላይ ልገልብጥልህ፤ የጠፋ እንደሆነ።

በበሬው ታሪክ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፋለች። አሳቧ፦ ሰውየው አላዘነም፤ ተስፋ አድርጓል። እኔ ለሁለት ወር ማዘኑን ነው ያስተማርኩት። እንዲህ ትላለች፦ "ጽሑፉ 'ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ይዞት ገባ' ይላል። ያዘነ ሰው ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ያቅፈዋል። ይኼ ሰው ግን ጠቀለለው። የሚጠቀለል ነገር ነገ የሚፈታ ነው። ስለዚህ ሌላ በሬ አስቧል። ቲቸር አዝኗል ብላናለች፤ ነገር ግን የት ተጻፈ?"

የት ተጻፈ! ለእኔ! በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራ!

ታሪኩን እንደገና አነበብኩት። ሦስት ጊዜ።  ተሳስቻለሁ፣ ወይም ቢያንስ እሷ ከእኔ ያላነሰ ልክ ናት። ደብተሬ፣ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም። ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ጻፍኩ፦ አሳመንሽኝ።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21። ጠዋት፣ ከሥራ በፊት

ጽጌ ከወረኢሉ ደወለች። ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል፣ ልጅ ይስቃል። መቅደስ ቀሚሱን ለብሳ አላወልቅም ብላ ሁለት ሌሊት ተኝታበታለች። የመጀመሪያውን ቀን ቀረብ አላለቻትም። በሁለተኛው እጇን ይዛ ምንጭ ወረደች። አሁን ስታስነጥስ እንኳ ዞር ብላ እናቷን ታያለች አለችኝ። ጽጌ ከሁሉ በፊት ያደረገችው ምን መሰለህ? ት/ቤት ሄዳ በግል ስለ መፈተን ጠይቃለች።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 24። ማታ

ዛሬ ከክፍል ስወጣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የሴት ድምፅ። "ቲቸር ነሽ? ያቺን ጽጌን ያስተማርሻት?" ዛኸር ሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። አራት ሆነዋል። አንዷ የጎንደር፣ ሁለቱ የአዲስ አበባ፣ አንዷን አልሰማኋትም፤ ሁሉም ስልኩን እየተቀማሙ ነው የሚያወሩት። የጽጌን ደብዳቤ ቅጂ አይተዋል። ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ፈልገው እንደሆን ጠየቅኩ። አይ፣ ራሳችን እንድንጽፍ ነው አሉኝ።

አል ዓይን! ዓርብ አንድ ነው፤ እኔም አንድ ነኝ። የአቡ ዳቢዎቹን ለማን ልተው?

ተመልሼ በለጡን አውቶቡስ ስትጠብቅ አገኘኋት። ዓርብ ሲፈራረቅ፣ እኔ አል ዓይን በምሄድበት አንቺ ታስተምሪያለሽ አልኳት።

"አንቺ ልጅ፣ አብደሻል! ዘጠነኛን ያልጨረስኩ ሴትዮ!"

አሳቤ ይኼ ነው አልኳት፦ ማስተማር ትችያለሽ። ጥቅሱን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ የራሷን ወረቀት። "የሚጠቀለል ነገር ነገ የሚፈታ ነው።" ማብራሪያውን ጀመርኩ፦ አስተማሪዋን በማስረጃ የረታች ሴት...

"በቃ፣ በቃ!" አለችኝ። አውቶቡሷ መጣ። አልገባችም። ሄደ። ቆማ አሰበች። ሌላው እስኪመጣ አሰበች። ከዚያ፣ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ፣ ሳትዞር፦

"ሹፌሮቹ እንዳይቆጡ በ11 ሰዓት እለቃቸዋለሁ።"

ወሰንኩ፣ ደብተሬ። ዓርብ፣ ግንቦት ልደታ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ፣ አል ዓይን። አቡ ዳቢ ላይ ቲቸሯ በለጡ ናት።